ሽማግሌ የላክሁባት አለቃ

ሰው ሁሉ ዝምተኛ ናት ይለኛል። ይበል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ፣ ከማሽኑ ጩኸት ጋር ምን ብዬ ልፎካከር? የምናገረውን ሁሉ በሆዴ ተናግሬ እጨርስና ወደ ቤቴ እገባለሁ። ልጄ ኔታ ግን "እማ፣ ቤት ስትገቢ ሬዲዮ ነሽ" ትለኛለች፤ እሷም አልዋሸችም።

ፋብሪካችን ቲራት ካርሜል በምትባል ከተማ፣ የኢንዱስትሪው ሠፈር ጫፍ ላይ ነው። የሆቴሎችና የአረጋውያን መኖሪያዎች አንሶላ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ እናጥባለን። እኔ የምኖረው ኔቬ ዮሴፍ የሚባል ሩቅ ሠፈር ስለሆነ በሁለት አውቶቡስ እመጣለሁ። የማጠፊያው ክፍል የኋላ በር ሲከፈት ባሕሩ ይታያል። ሙቀት ሲሆን ሚሪያም በሩን በፎጣ ጥቅል ታስደግፈውና ሁላችንም ትንሽ ነፋስ እናገኛለን። ሚሪያም የፈረቃችን ኃላፊ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ስትጮህ ሠራች፤ ስትቆጣም ስትስቅም ድምፅዋ አንድ ነው። ከፋሲካ በኋላ ጡረታ እንደምትወጣ የነገረችን በክረምቱ ነበር።

ቦታዋን እኔ እፈልገው ነበር። ይኸው፣ አልሁት። ለእናንተ መናገሩ ቀለለኝ እንጂ ያኔ ቢገድሉኝም ከአፌ አይወጣም ነበር። ሚሪያም ስትታመም ፈረቃውን የማስኬደው እኔ ነኝ። የቱ ፎጣ የየትኛው ሆቴል እንደሆነ በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ። ማን ከማን ጋር ተቀያይሟል፣ ማን ወገቡን አሞታል፣ ማን ቀለል ያለ ጋሪ ይሰጠው፣ ሁሉም ከእኔ ዘንድ አለ። ስለዚህ ቦታው የእኔ መሆኑን ሁሉም ሰው ያውቃል ብዬ ነበር የማስበው።

እኔ ባደግሁበት አገር፣ ጎንደር ገጠር፣ ሰው ለራሱ ሹመት አይጠይቅም። አባቴን የመንደሩ ሰዎች ዳኛ ሁን ብለው ሲመጡ አስታውሳለሁ። "እኔ አልችልም፣ ሌላ ፈልጉ" አለ። ሄደው ተመለሱ፤ ደግሞም እንቢ አለ። በሦስተኛው፣ "እንግዲህ እናንተ እንዳያችሁ" አለና እናቴ ወዲያው ጠላውን አወጣች። አንድ ጊዜ ሲጠየቅ ዘሎ እሺ የሚል ሰው በእኛ ዘንድ ዓይኑን በጨው የታጠበ ይባላል።

ይህን ሁሉ ረዑት አታውቅም። ከየት ታውቃለች? ረዑት አዲሷ ሥራ አስኪያጃችን ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ስትናገር እጇ አያርፍም። በክረምቱ መጀመሪያ ላይ መጥታ እሑድ እሑድ ጠዋት የሚደረግ አንድ ነገር አመጣች። ሁላችንም ከመተኮሻው ማሽን ፊት ክብ ሠርተን እንቆማለን። እያንዳንዱ ሰው በየተራው ምን ጥሩ ነገር እንደሠራ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ደግሞ ምን እንዳጠፋ ይናገራል። "ፊት ለፊት፣ በግልጽ፣ እንደ ቤተሰብ" ትላለች። የማን ቤተሰብ እንደዚያ እንደሚነጋገር እኔ አላውቅም።

ከፋሲካ በፊት በነበረው ወር፣ በአንዱ እሑድ፣ በክቡ መካከል ወደ እኔ ዞረች።

"ስንታየሁ፣ ሚሪያም ስትወጣ ኃላፊ መሆን ትፈልጊያለሽ?"

መሬት መሬቱን እያየሁ፣ "እናንተ እንዳያችሁ" አልኋት። ከዚህ የበለጠ እሺታ ከየት ይምጣ?

"እሱ ይቅር፤ አንቺ ራስሽ ትፈልጊያለሽ ወይ?"

"ሌላም ጥሩ ሰው አለ" አልኋት። ሁለተኛው ይኸው። አሁን ሦስተኛውን ትጠይቀኛለች፣ እኔም እቀበላለሁ ብዬ ከንፈሬን አዘጋጀሁ።

ሦስተኛው ሳይመጣ ቀረ። ረዑት "ቤሰደር፣ እሺ" አለችና ወደ ዩቫል ዞረች። ዩቫል መተኮሻውን የሚያንቀሳቅስ መላጣ ሰውዬ ነው፣ የሦስት ልጆች አባት። መጥፎ ሰው አይደለም፣ ራሱን ግን በጣም ይወዳል። "እኔ እፈልጋለሁ!" አለ። "ለዚህ ሥራ ነው የተፈጠርሁት!" ሰውም አጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብሁ፤ ምን ላድርግ?

በዚያው ሰሞን አንድ የሚሞላ ወረቀት አደሉን። "ሥራዬን በሚገባ እሠራለሁ፣" "ለሌሎች ምሳሌ ነኝ፣" እንዲህ ያለ ሃያ ዓረፍተ ነገር ነበረበት፤ ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ማክበብ ነው። ለራሴ ከላይ እስከ ታች ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያልሁ አከበብሁ። ሦስት ልል አሰብሁና አፈርሁ።

ከዚያ የእርጥቡ አንሶላ ጉዳይ መጣ። የዩቫል ማሽን አንሶላውን በደንብ ሳያደርቅ ወደ እኔ ይልከው ጀምሮ ነበር። ስነካው ቀዝቀዝ ይላል። በእሑዱ ክብ ብናገር ዩቫል በሰው ፊት ያፍራል፤ የልጆች አባት ነው። ስለዚህ እርጥብ እርጥቡን እየለየሁ፣ ማንም ሳያየኝ ወደ ማድረቂያው እመልሰው ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሠራሁ። በአንዱ ቀን አንድ ጋሪ አምልጦኝ ሄደ፣ ከአረጋውያኑ ቤትም ስልክ ተደወለ።

በሚቀጥለው እሑድ ረዑት በሰው ሁሉ ፊት፣ "ስንታየሁ፣ እርጥብ መሆኑን አይተሻል። እየደበቅሽ ስታደርቂ ያዩሽ ሰዎች ነግረውኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽኝ። ይህ ከሰው ጋር ተባብሮ የሚሠራ ሰው ጠባይ አይደለም" አለችኝ። ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ፤ አለቃ ሲቆጣ ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት ነው። እሷ ግን፣ "ስናገርሽ እየኝ እንጂ" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፣ ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ባል ቀብሬያለሁ፤ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ቆሜ ተገሠጽሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፍሁ።

ኩርፊያ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። የተቀየመ ሰው ዝም ይላል። ዝም ማለቱን ያስቀየመው ሰው ያያል፤ እሱ ባያይ ጎረቤት ያያል፤ ሽማግሌ ይገባል፣ ይነጋገራሉ፣ ያበቃል። እኔም ዘጠኝ የሥራ ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ አኮረፍሁ። ሰላምታ እንኳ በራሴ ንቅናቄ ብቻ ሆነ። ሚሪያም፣ "ምን ሆነሻል? ኢታይ እኮ ሐሙስ ይፈርማል፣ ዩቫልን ሊያደርጉት ነው" ብላ በጆሮዬ ጮኸችብኝ። ኢታይ የፋብሪካው ባለቤት ነው። ልቤ ስንጥቅ አለ፤ አንሶላዬን ማጠፌን ቀጠልሁ።

ማታ እራት ላይ ኔታ፣ "ነገርሻት?" አለችኝ። ኔታ የጦር ሠራዊት አገልግሎቷን ጨርሳ በባንክ የምትሠራ፣ አፏ የማይያዝ ልጅ ናት።

"አኩርፌያለሁ አላልሁሽም?"

"እሷስ ታውቃለች?"

"እንዴት አታውቅም! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዝም አልኋት እኮ።"

ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እማ፣ አንቺ ሁልጊዜም ዝም ነው የምትዪው። እሷ እኮ ረጊል፣ የተለመደ ቀን ነው የመሰላት።"

እውነቷን ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የተቃጠልሁት ለግድግዳው ነው።

"ሂጂና እፈልጋለሁ በያት፣ ዜሁ፣ አለቀ" አለች።

"በገዛ አፌ?"

"በማን አፍ ታዲያ?"

ይህን ስትል ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። እሷ ለመገሠጽ ብላ ተናገረችው፣ እኔ ደግሞ መፍትሔ አድርጌ ወሰድሁት። ወዲያው ስልኬን አነሣሁና ክርያት ሐይም ለሚኖሩት ለባሌ ታላቅ ወንድም፣ ለአያ ማለደ፣ ደወልሁ። አያ ማለደ በእኛ ወገን ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቀዋል። የደም ጉዳይ እንኳ ጨርሰዋል ይባላል።

"አያ፣ ሽማግሌ ይላኩልኝ" አልኋቸው።

"በማን ላይ?"

"በአለቃዬ።"

"ባል የላትም? በባሏ በኩል አይሻልም?"

"አያ፣ የሥራ ነገር ነው።"

"እሺ። ለብቻ አይኬድም፣ አብረሃን ይዤ እመጣለሁ" አሉኝ። ኔታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጡ። እኔ እንደ ሥርዓቱ ከነገሩ ርቄ፣ ምንም እንደማላውቅ ሰው አንሶላ አጥፋለሁ። ሽማግሌ የላከ ሰው በቦታው አይገኝም። የሽማግሌ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ እነሱ ያመሰግኑሃል፣ አንተ አትሰማም፣ አታፍርም። ይህን እያሰብሁ ሳለ ረዑት ራሷ ወደ ማጠፊያው ክፍል ሮጣ መጣች።

"ስንታየሁ፣ እባክሽ ነይ። ሁለት ሽማግሌዎች መጥተዋል፣ ያንቺን ስም ይጠራሉ፣ ምን እንደሚሉ አይገባኝም። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም። አስቀይሜያቸው ይሆን?"

ጉድ ፈላ። አያ ማለደ ዕብራይስጥ ከሰላምታ አያልፉም። አቶ አብረሃ ደግሞ የትግራይ ሰው ናቸው። ሃያ አምስት ዓመት ወደብ ላይ ሠርተዋልና ዕብራይስጥ ጥንቅቅ አድርገው ይሰማሉ፤ ነገር ግን አይናገሩም። "የወደብ ዕብራይስጤ በሴት ልጅ ፊት አይሆንም" ይላሉ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄም አላሰብሁትም።

ቢሮው ውስጥ ሁለቱም ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ከወንበሮቹ ፊት ቆመዋል። ረዑት ወደ እነሱ፣ እነሱም ወደ እሷ ያያሉ። እኔን ሲያዩ አያ ማለደ ተቆጡ።

"አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

"አስተርጉሚ ተብዬ ነው፣ አያ።"

ተያዩ። አቶ አብረሃ ትከሻቸውን ነቀነቁ። "ሌላ ሰው ከየት ይመጣል" አሉ።

አያ ማለደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። ደጅሽን የረገጥነው ለጉዳይ ነው። ይህች የወንድሜ ሚስት ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ለብቻዋ ያሳደገች፣ ቤቷ የተከበረ፣ እጇ ቅን፣ ተቆጣጣሪ ኖረም አልኖረ ሥራዋ አንድ የሆነ፣ ከታላቅም ከታናሽም ተስማምታ የምትኖር ሴት ናት። የሚሪያምን ቦታ ስጫት ብለን ለመለመን መጥተናል።"

ረዑት ወደ እኔ ዞረች። "ምን አሉ?"

"ሰላም ይላሉ" አልኋት በዕብራይስጥ። "ስለ ሥራው ነው የመጡት።"

አቶ አብረሃ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ደቅ አደረጉ። "ግማሹን ዋጥሽው! እጇ ቅን ያለውን የት አደረስሽው? ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለውንስ?"

"አቶ አብረሃ፣ እንዴት አድርጌ ስለ ራሴ..."

"አንቺ አሁን አፍ ነሽ። አፍ አያፍርም። ተናገሪ!"

ፊቴ እንደ ፍም ጋለ። ቃል በቃል አስተረጎምሁ። "ልጇን ለብቻዋ አሳደገች። እጇ ቅን ነው። ተቆጣጣሪ ኖረም አልኖረ ሥራዋ አንድ ነው። ከሁሉም ጋር ትስማማለች። የሚሪያምን ቦታ ስጫት።"

"ቦታውን ለማን ነው የምሰጠው?" አለች ረዑት።

"ለእኔ" አልኋት። ድምፄ ከማሽኑ ክፍል የመጣ እንጂ የእኔ አልመስል አለኝ።

ረዑት ጥቂት አሰበችና መሳቢያዋን ከፍታ ያንን ወረቀት አወጣች። "ግን ራሷ አልፈልግም ብላኛለች እኮ። ይኸው ደግሞ ለራሷ የሰጠችውን እዩ። ሁሉም ሁለት ነው።"

አስተረጎምሁ። አያ ማለደ፣ "ከስንት?" አሉ።

"ከአምስት።"

ፊታቸው በራ። "ተመስገን! አስተዳደጓን አልረሳችም" አሉ። አቶ አብረሃም፣ "ሓቂ እዩ" አሉ በትግርኛ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ይህንንም ማስተርጎም ነበረብኝ። ረዑት አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

"ለራሱ አምስት የሰጠ ሰውም አለ?" አሉ አያ ማለደ።

"አሥራ አንድ ሰዎች" አለች ረዑት።

"አሥራ አንድ!" አሉና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይዞሽ፣ ልጄ፣ ሥራሽ ከባድ ነው።"

እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ግን አያ ማለደ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና፣ "ሽማግሌ የአንድ ወገን ብቻ ሰምቶ አይሄድም። አንቺስ፣ ልጄ፣ በእሷ ላይ ምን ቅሬታ አለሽ?" ብለው ጠየቋት። እኔ ለዚህ አልላክኋቸውም። አቶ አብረሃ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም፤ አስተረጎምሁ።

ረዑት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ አረፈ። "ሁሉን ነገር ታያለች" አለች፣ "ለእኔ ግን ምንም አትነግረኝም። እዚህ ከመጣሁ አምስት ወር ሆነኝ፣ ሁሉን የምሰማው በመጨረሻ ነው። እርጥቡን አንሶላ እንኳ የሰማሁት በስልክ ነው። አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት ሌሊቱን በእሱ ላይ ተኝታ በብርድ ስትንቀጠቀጥ አግኝተዋታል። ስንታየሁ አንድ ቃል ነግራኝ ቢሆን... እኔ እንጃ። ስለማትወደኝ ይመስለኛል።"

አስተርጉሜ መጨረሻው ላይ ስደርስ፣ "የማልወዳት ይመስላታል" አልኋቸው። ስለ አሮጊቷም ገና አሁን መስማቴ ነበር፤ በክቡ ላይ ይህን አልነገረችንም።

አያ ማለደ ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው? አይተሽ ዝም አልሽ?"

"አያ፣ ዩቫልን በሰው ፊት ላለማሳፈር ነው።"

"በሰው ፊት ማን ንገሪ አለሽ? በጆሮዋ አትነግሪያትም ነበር?" ጠበቁኝና፣ "አጥፍተሻል" አሉኝ ረጋ ብለው። "ለሰውዬው እፍረት ስትጨነቂ የሴትየዋን ብርድ ረሳሽ።"

እንባዬ መጣ። ረዑት በእሑዱ ክብ ስትነግረኝ ያቃጠለኝ ነገር፣ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ገባኝ። ስድቡ አልነበረም ልቤን የነካው፤ አሮጊቷ ናት። አንሶላ የሰው ገላ እንደሚነካ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማውቀው ነገር ነበር። "አጥፍቻለሁ" አልኋቸው፤ ለረዑትም ይህንኑ በዕብራይስጥ ደገምሁላት።

አያ ማለደ አሁን ወደ እሷ ዞሩ። "አንቺም አጥፍተሻል፣ ልጄ። ትልቅ ሰው በሰው ፊት አይዘለፍም። በሩን ዘግተሽ ለብቻዋ ብትነግሪያት ኖሮ በዚያው ቀን ይቃና ነበር። ዓይኗን ስትሰብር ደግሞ ንቃሽ አይደለም፣ አክብራሽ ነው።"

ይህን ለስለስ አድርጌ ላስተላልፍ ፈለግሁ፤ ከዘራው ከፍ ሲል አየሁና ሁሉንም እንዳለ ነገርኋት። ሥራ አስኪያጅን ማን እንዲህ ይላታል? ረዑት አንገቷ ድረስ ቀላች። ከዚያ፣ "ነኮን" አለች፤ ልክ ነው ማለቷ ነው። "ይቅርታ፣ ስንታየሁ። አላወቅሁም ነበር። አሁን እባካችሁ ቁጭ በሉ።"

"መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም" አሉ አያ ማለደ። የአቶ አብረሃ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ረዑትም አየችው።

"ለብቻዬ አልወስንም፣ ኢታይ ነው የሚፈርመው" አለች ቸኩላ። "ግን እሷን አቀርባለሁ፣ እሺ እንደሚለኝም አውቃለሁ። መጀመሪያ ሁለት ወር ለሙከራ። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ፤ የምታየውን ትንገረኝ። በጆሮዬም ይሁን።"

"ትቀበያለሽ?" አሉኝ አያ ማለደ።

አፌ ልማዱን አልተወም። "እንግዲህ እናንተ እንዳያ..."

አቶ አብረሃ በከዘራቸው መሬቱን መቱና በዚያ ቢሮ ውስጥ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዕብራይስጥ ተናገሩ፤ "ኬን ኦ ሎ?" አዎ ወይስ አይደለም? መርከብ ላይ ሆኖ ወደ ታች እንደሚጮህ ሰው ነበር የጮኹት። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

"ኬን" አልሁ።

"ለእኛ አይደለም፣ ለእሷ!"

ዞርሁና ረዑትን ዓይን ዓይኗን አየኋት። ቡናማ ዓይን እንዳላት አላውቅም ነበር። "ቦታውን እፈልጋለሁ" አልኋት።

ያን ጊዜ ሁለቱም ተቀመጡ። አቶ አብረሃ ጉልበታቸውን ይዘው "እፎይ" አሉ። ረዑትም ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች፤ ለካ እሷም ከእነሱ ጋር ቆማ ነበር። ውኃ አመጣሁላቸው። አያ ማለደ ተነሥተው ሲሄዱ መረቋት፤ ረዑት አንዱንም ሳይገባት "አሜን" አለች። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ስሸኛቸው አቶ አብረሃ፣ "ጽቡቕቲ ጓል እያ" አሉኝ፤ ጥሩ ልጅ ናት። አያ ማለደ ደግሞ ስለ እኔ ምንም አላሉም፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው ብቻ ይጨነቁ ነበር።

በዚያው ቀን ዩቫልን ለብቻው ጠርቼ፣ ቃላቱን ስመርጥ ቆይቼ፣ ማሽኑ በደንብ እንደማያደርቅ ነገርሁት። "አይ!" አለ ግንባሩን መትቶ። "እኔ እኮ ችግሩ ከማድረቂያው መስሎኝ ነበር! ለምን ያኔ አልነገርሽኝም? የሙቀቱ ቁልፍ ነው፣ በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል።" አስተካከለውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሸከምሁለት እፍረት ለካ እሱ ዘንድ አልነበረም። ኢታይ ለሙከራው ፈርሞ ቦታው ለእኔ እንደሆነ ሲሰማም፣ "ሐባል፣ ያሳዝናል" አለ፤ በማግሥቱ ለሁላችንም በአይብ የተሞላ ቂጣ፣ ቦሬካስ፣ ገዝቶ መጣ። ለእሱ ሳዝን የኖርሁት ሁሉ በከንቱ ነበር።

የእሑዱ ክብ አልቀረም። የሰው ጥፋት ግን ከዚያ ወዲያ በክቡ አይነገርም፤ ረዑት በሯን ዘግታ ነው የምትናገረው። ራስን ማመስገኑ ላይ እኔ አሁንም አልሆነልኝም፤ ተራዬ ሲደርስ አጠገቤ የምታጥፈው ሊቶር ምን እንደሠራች እናገራለሁ። ረዑት ትስቃለች፣ ትተወኛለች። በየሰኞው ደግሞ ቢሮዋ ገብቼ ያየሁትን በጆሮዋ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ላይ በሰው ላይ የማሳብቅ ይመስለኝ ነበር። የዘጠና ዓመቷን ሴት ሳስብ ይለቀኛል።

ሁለት ወር ሞላ። ማንም ምንም አላለኝም። አንድ ቀን ጠበቅሁ፣ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ጥበቃውን አወቅሁት፤ ያው የድሮው ጥበቃ ነው። ለአያ ማለደ ደወልሁ።

"የአብረሃ ጉልበት ገና አልዳነም" አሉኝ እየሳቁ፣ ስልኩንም ዘጉት።

የረዑትን በር አንኳኳሁ። ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል፣ "ስንታየሁ፣ ግቢ፣ ቁጭ በይ" አለችኝ።

"አልቀመጥም።"

ቀና አለች። ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ እሷም ተነሥታ ቆመች።

"ሁለቱ ወር አልቋል" አልኋት። እጄን የት እንደማደርገው ስላላወቅሁ ከኋላዬ አጣመርሁት። "ቦታውን እፈልገዋለሁ። ሥራውን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ አድርጌም ሠርቼዋለሁ።"

"ከአምስት ስንት?" አለችኝ።

አሰብሁ። ፊቴ ጋለ። "አራት" አልኋት። "ለአያ ማለደ ግን እንዳትነግሪያቸው።"

ረዑት ጠረጴዛዋን ዞራ መጣችና ወንበሩን ሳብ አደረገችልኝ።

ተቀመጥሁ።